ቁልፉና ቅኝቱ፦ የሙላቱ አስታጥቄ፣ የኃይሉ መርጊያና የአድማስ ባንድ የተቀዱ ሥራዎች ከኪቦርድ አጨዋወት አንጻር ሲነጻጸሩ

መግቢያ

የኪቦርድ ቁልፎች አንድን ኦክታቭ በአሥራ ሁለት እኩል ግማሽ ድምፆች ይከፍላሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረቱ ቅኝቶች ናቸው። በመሆኑም ኢትዮጵያዊ የኪቦርድ ተጫዋች ሥራውን ሲጀምር ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። አንደኛው፣ ቅኝቱ የማይጠቀምባቸውን ሰባት ድምፆች ምን ያድርጋቸው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ድምፃዊው ወይም ማሲንቆ መቺው በሁለት ቁልፎች መካከል እየተንሸራተተ የሚያወጣውን ድምፅ በምን ይተካዋል የሚለው ነው።

ጃዝን ከሮክ፣ ከሶልና ከየአገሩ ዜማ ጋር ያዋሐደው ፊውዥን የተባለው ዘርፍ ኪቦርድን ከአጃቢነት አውጥቶ በባንዱ መካከል ያስቀመጠ ነው። ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው «ቢችስ ብሩ» ላይ ጆ ዛቪኑልና ቺክ ኮሪያ በኤሌክትሪክ ፒያኖ ተሳትፈዋል። ሄርቢ ሃንኮክም በ1973 «ሄድ ሃንተርስ» በተባለው አልበሙ ሲንተሳይዘርን ከፈንክ ምት ጋር አጣምሯል። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ተመሳሳይ መሣሪያዎች በሆቴል ባንዶች እጅ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ የተጠየቁት ጥያቄ የተለየ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ሦስት የተቀዱ ሥራዎችን ስብስብ ያነጻጽራል፤ እነርሱም የሙላቱ አስታጥቄ፣ የኃይሉ መርጊያና አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዖታ የተሳተፉበት የአድማስ ባንድ ሥራዎች ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ በተጫዋቾቹ መካከል ያለው ልዩነት የችሎታ ወይም «የኢትዮጵያዊነት መጠን» ልዩነት አለመሆኑ ነው። ከላይ ለተነሱት ሁለት ጥያቄዎች አንዱ በኅብረ ድምፅ፣ ሌላው በዜማ፣ ሦስተኛው በድምፅ ቀለም መልስ ሰጥቷል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የችግሩ አወቃቀር

ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ የተባሉትን ድምፆች ይይዛል። የጎደሉት ፋ እና ሲ ናቸው። በምዕራቡ ሙዚቃ እጅግ የተለመደው የአጃቢ አካሄድ ከመነሻው ኮርድ ወደ አራተኛው፣ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው፣ ከዚያም ወደ መነሻው የሚመለሰው ነው። አራተኛው ኮርድ ፋ፣ ላ፣ ዶ ሲሆን አምስተኛው ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው። ይህን አካሄድ ለትዝታ ያለ ማመዛዘን የሚጠቀም ተጫዋች ቅኝቱ የተዋቸውን ሁለት ድምፆች በትክክል ለይቶ መልሶ ያስገባቸዋል ማለት ነው። አድማጭ «ዜማው ያው ነው፤ ግን ትዝታ ትዝታ አይልም» የሚለው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

በትዝታ ድምፆች ብቻ ሊሠሩ የሚችሉት የተለመዱ ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ፣ ዶ፣ ሚ። ነገር ግን ድምፆቹ በሦስተኛ ርቀት መደራረባቸው ቀርቶ በአራተኛ ርቀት ቢደረደሩ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ የሚል ድርድር ይገኛል። በዚህ ድርድር አምስቱም የትዝታ ድምፆች ያለ አንዳች እንግዳ ድምፅ ይካተታሉ። ይህ ዓይነቱ አደራደር በ1960ዎቹ ጃዝ፣ በተለይም ከጆን ኮልትሬን ጋር በሠራው በማኮይ ታይነር የፒያኖ አጨዋወት፣ የታወቀ ነበር። የዘመኑ ጃዝ ለአምስት ድምፅ ቅኝት የሚመች መሣሪያ ይዞ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አንቺ ሆዬ ይበልጥ ይከብዳል። ድምፆቹ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል እና ላ ናቸው። ከመነሻው ድምፅ በላይ ትክክለኛ አምስተኛ ስለሌለው በዶ ላይ የሚቆም የተለመደ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ አይገኝም። ከቅኝቱ ውስጥ የሚወጡት ሜጀር ወይም ማይነር ኮርዶች በፋ እና ዝቅ ባለው ሶል ላይ የሚቆሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የዜማው ማረፊያ በሆነው ድምፅ ላይ አልተመሠረቱም። ስለዚህ አንቺ ሆዬን በኪቦርድ ማጀብ ማለት ወይ ኮርድን መተው፣ ወይ ቅኝቱን መንካት፣ ወይ ደግሞ ሌላ ዘዴ መፈለግ ማለት ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ፦ ከዜማው ሥር ያለው መደብ

በ1943 ጅማ የተወለዱት ሙላቱ በዌልስና በለንደን ከተማሩ በኋላ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ ገብተዋል፤ በዚያ የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ መሆናቸውም ይጠቀሳል። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ ያወጧቸው ሁለት «አፍሮ ላቲን ሶል» አልበሞች የኢትዮጵያን ዜማ ከላቲን ምት ጋር ያገናኙ ሙከራዎች ነበሩ። በ1972 የወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» እና በ1974 በአምኃ ሪከርድስ የታተመው «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» ደግሞ ሙከራው ሥርዓት የያዘባቸው ሥራዎች ናቸው።

የሙላቱ ዋና መሣሪያ ቫይብራፎን ነው፤ ፒያኖ፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ኦርጋንም ይጫወታሉ። ቫይብራፎን የብረት ምላሶቹ እንደ ፒያኖ ቁልፎች የተደረደሩ በመሆኑ ከኪቦርድ ቤተሰብ ጋር ማነጻጸሩ ተገቢ ነው። ከንጽጽሩ አንጻር ዋናው ባሕርይው ድምፁ ከተመታ በኋላ እየሞተ መሄዱ ነው። ተጫዋቹ ድምፁን ሊያርገበግበው ይችላል፤ እንደ ድምፃዊ ሊያጎላው ወይም ወደ ጎረቤት ድምፅ በቀላሉ ሊያንሸራትተው ግን አይችልም። የሙላቱ ሥራ ይህን ጉድለት ለመሸፈን አይሞክርም። ዜማውን በአብዛኛው ለሳክስፎንና ለሌሎች የትንፋሽ መሣሪያዎች ይሰጣል፤ ቫይብራፎኑና ኪቦርዱ በዜማው ዙሪያና ሥር ይቀመጣሉ።

በ«የከርሞ ሰው» እና በ«የግሌ ትዝታ» ይህ አሠራር በግልጽ ይሰማል። አጭር የመደብ ሐረግ ሳይለወጥ ይደጋገማል፤ ዜማው በላዩ ይመላለሳል። ኮርዱ ብዙ ስለማይጓዝ እንግዳ ድምፆች እንዲገቡ የሚያስገድድ ምክንያት አይኖርም። ሙላቱ በተለያዩ ጊዜያት እንዳስረዱት ዋናው ፈተና አምስቱን ድምፆች ከአሥራ ሁለቱ ጋር ሲያገናኙ የቅኝቱን ጠባይ አለማጥፋት ነበር። የተደጋጋሚው መደብ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ በአጃቢው ውስጥ ቢሰማ እንኳ ዜማውን ወደ ሌላ ማረፊያ አይጎትተውም፤ እንደ ጥላ ያልፋል።

ይህ መልስ ዋጋም አለው። በሁለት ቁልፎች መካከል ያለው ድምፅ ጥያቄ በኪቦርዱ ሳይመለስ ለሳክስፎኑ ተላልፏል። የሙላቱ ጃዝ ያለ ትንፋሽ መሣሪያዎች ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ከድምፃዊው ጠባይ የሚርቀውም ለዚህ ነው።

ኃይሉ መርጊያ፦ የሚዘፍን ኦርጋን

ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ የመጡ፣ አኮርዲዮንን በራሳቸው የተማሩ ሙዚቀኛ ናቸው። በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች በመሆን በሂልተን ሆቴል ሲጫወቱ ቆይተዋል። ወቅቱ የደርግ ዘመን ነበር። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ያልፍ ነበር፤ የሰዓት እላፊው ደግሞ የምሽት ታዳሚ እስከ ንጋት በአንድ ቤት እንዲቆይ ያደርግ ነበር። ለረጅም ሰዓት የሚጫወት፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ተፈላጊ መሆኑ አያስገርምም።

በ1977 የወጣው «ቼ በለው» ከጥቂቶቹ የዘመኑ ሙሉ የመሣሪያ ሙዚቃ ሸክላዎች አንዱ ነው። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነውና ኋላ በልዩ ልዩ አገሮች ባንዶች ደጋግሞ የተጫወተው «ሙዚቃዊ ስልት» በዚሁ አልበም ይገኛል። በአልበሙ ሙላቱ በቫይብራፎን ስለተሳተፉ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ባንድ ውስጥ ጎን ለጎን ይሰማሉ፤ ይህም ለተመራማሪ መልካም አጋጣሚ ነው። የቫይብራፎኑ ድምፅ ተመትቶ ይጠፋል። የኦርጋኑ ድምፅ ቁልፉ እስካልተለቀቀ ድረስ ይቆያል። የመጀመሪያው ቦታን ያመለክታል፤ ሁለተኛው መሥመርን ይከተላል።

በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር በካሴት የወጣው «ወደ ሐረር ጉዞ» ይህን መንገድ ያጠናክራል። የኃይሉ ኦርጋን በአብዛኛው ድምፃዊው ሊቆምበት በሚችለው ቦታ ይቆማል። ቀኝ እጅ በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ መሥመር ይዞ ይሄዳል፤ በዋናው ድምፅ ዙሪያ በፍጥነት የሚነኩ ጎረቤት ድምፆች ዜማውን ያስጌጡታል። ይህ የድምፃዊውን መንሸራተት በቀጥታ አይተካም፤ ነገር ግን ፈጣኑ ጌጥ ጆሮ መንሸራተቱን እንዲገምት ያደርጋል። ማሲንቆ መቺ የራሱን ድምፅ በቅርብ እየተከተለ፣ አንዳንዴ እየቀደመ፣ አንዳንዴ እየዘገየ ያንኑ ዜማ እንደሚያጅብ ሁሉ፣ ኦርጋኑም ከባንዱ ጋር ያንኑ ዜማ በራሱ አነጋገር ይናገራል።

ከዛቪኑል ጋር ያለው ተመሳሳይነት እዚህ ላይ ትርጉም አለው። ዛቪኑልም በቪየና በልጅነቱ የጀመረው በአኮርዲዮን ነው። አኮርዲዮን የኪቦርድ ቁልፍ ያለው፣ ግን በወናፍ የሚተነፍስ መሣሪያ ነው፤ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ እንኳ ድምፁ ሊያድግና ሊቀንስ ይችላል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ የሰለጠነ እጅ ቁልፍን እንደ መምቻ ሳይሆን እንደ መተንፈሻ ይቆጥራል። ሁለቱ ሙዚቀኞች አንዱ ከሌላው የተማረ መሆኑን የሚያሳይ ነገር የለም፤ የጋራው ነገር የጀመሩበት መሣሪያ ነው።

ኃይሉ በ1981 ከዋልያስ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዘው በዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን የሠሩት «ሸሞንሟናዬ» አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከያማሃ ዲኤክስ 7 እና ከምት ማሽን ጋር ያጣምራል። እዚህ ላይ ቴክኖሎጂው ለሁለተኛው ጥያቄ አዲስ መልስ አመጣ። እንደ ሚኒሙግ ያለ ሲንተሳይዘር በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ፣ ከቁልፎቹ ጎን ደግሞ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትት ጎማ ያለው ነው። በዚህ ረገድ ከፒያኖ ይልቅ ለማሲንቆ ይቀርባል። አልበሙ በ2013 በኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ እንደገና ከታተመ በኋላ ለረጅም ዓመታት በታክሲ ሾፌርነት ይተዳደሩ የነበሩት ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። «ላላ በሉ» በትዝታ ተከፍቶ በብቸኛ ፒያኖ በተሠራ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ይዘጋል። ድምፅን አቆይቶ መያዝ በማይችለው ፒያኖ ላይ እንጉርጉሮ መሞከሩ የአርባ ዓመቱን ጥያቄ እንደገና መክፈት ነው።

አድማስ ባንድ፦ ቀለሙን መለወጥ

በ1984 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም ያወጣው አድማስ ባንድ የአበጋዝ ክብረወርቅ፣ የቴዎድሮስ አክሊሉ፣ የሔኖክ ተመስገንና የዩሱፍ ተስፋዬ ጥምረት ነበር። እነዚህ ወጣቶች ከአገር ርቀው፣ ከኢትዮጵያውያን ስደተኞችና ከሌሎች ጥቁር ማኅበረሰቦች ሙዚቃ ጋር በአንድ ከተማ ይኖሩ ነበር። አልበሙም ይህን ይመስላል፤ የኢትዮጵያ ዜማዎች ከሳምባ፣ ከሃይላይፍ፣ ከሬጌና ከኤሌክትሮ ፈንክ ጋር ይፈራረቃሉ።

በዚህ አልበም ሲንተሳይዘሩ የባንዱ አባል ከመሆን አልፎ ባንዱ የሚኖርበት ቤት ሆኗል ማለት ይቻላል። የትንፋሽ ክፍሉን ሥራ ጭምር የሚሸፍነው እርሱ ነው። ከሙላቱ የሚለየው ዜማውን ከኪቦርዱ ውጭ ለሌላ መሣሪያ ባለማስተላለፉ ነው። ከኃይሉ የሚለየው ደግሞ ኪቦርዱ የድምፃዊን ጠባይ ለመያዝ ብዙ ባለመጣጣሩ ነው። ለተነሡት ጥያቄዎች መልሱ የድምፅ ቀለም ነው፤ አድማጭ የሚያውቀውን ዜማ ከዚያ በፊት ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ ያገኘዋል። ዜማው ሲታወቅ ቅኝቱ ይታወቃል፤ ዙሪያው ሁሉ አዲስ ቢሆንም እንኳ።

የዚህ መንገድ ተጽዕኖ ከአልበሙ ሽያጭ በላይ ነው። አበጋዝ ኋላ በአቀናባሪነትና በፕሮዲዩሰርነት የኢትዮጵያን ዘመናዊ ዘፈን ከቀረጹት ባለሙያዎች አንዱ ሆነዋል። በአንድ ወይም በሁለት ኪቦርድና በምት ማሽን የሚሠራው ቅንብር ከ1980ዎቹ በኋላ በአገር ውስጥም በስደትም የበላይነት ሲይዝ፣ የአድማስ ጥያቄ የሁሉም ጥያቄ ሆነ። ልዩነቱ አድማሶች ቀለሙን በምርጫ መለወጣቸው፣ ብዙዎቹ ተከታዮች ግን ማሽኑ የሰጣቸውን ቀለም እንዳለ መቀበላቸው ነው።

ንጽጽርና የማስረጃው ወሰን

ሦስቱን መንገዶች በአጭሩ ማስቀመጥ ይቻላል። ሙላቱ ቅኝቱን የጠበቁት ከሥሩ ያለውን መደብ በመገደብ ነው። ኃይሉ የጠበቁት ኪቦርዱን ወደ አንድ የዜማ መሥመር በመመለስ ነው። አድማስ የጠበቀው ዜማውን ሳይነካ አካባቢውን በመለወጥ ነው። እያንዳንዱ መንገድ የሚተወው ነገርም አለ፤ የመጀመሪያው መንሸራተትን፣ ሁለተኛው የኅብረ ድምፅን ስፋት፣ ሦስተኛው የመሣሪያውን አካላዊ ትንፋሽ ይተዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጣው የሳሙኤል ይርጋ «ጉዞ» የተባለ የ2012 አልበም ብቸኛ ፒያኖን ከትልቅ ባንድ ጋር ማፈራረቁ አንዱ መንገድ ብቻውን እንደማይበቃ የተገነዘበ ትውልድ መምጣቱን ያሳያል።

በዚህ ንጽጽር ውስጥ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእነዚህ ሥራዎች ዝና የተገነባው በተቀዱበት ቅደም ተከተል ሳይሆን እንደገና በታተሙበት ቅደም ተከተል ነው። የሙላቱ ሥራዎች በኢትዮፒክስ አራተኛ ቅጽ በ1998 ዓለም አቀፍ አድማጭ አገኙ፤ የኃይሉ በ2013፣ የአድማስ በ2020። ስለዚህ «ኢትዮ ጃዝ» የሚለው ቃል በብዙ አድማጭ አእምሮ ከመጀመሪያው መንገድ ጋር ብቻ ተቆራኝቷል። የካሴት ዘመን ሥራዎች ሳይሰሙ የሚደረስ ድምዳሜ የሙዚቃውን ታሪክ ሳይሆን የእትሙን ታሪክ ይነግረናል።

ለመተከልና ለአሶሳ ጥናት ያለው ፋይዳ

ጥያቄው በአዲስ አበባና በዋሽንግተን አይቆምም። በመተከል ዞን በድባጤ ወረዳ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ አማራ፣ ኦሮሞና አገው ጎን ለጎን ይኖራሉ። በእንዲህ ያለ ሥፍራ በሠርግ ላይ የሚጫወት አንድ ባለ ኪቦርድ በአንድ ምሽት ከአንድ በላይ የዜማ ሥርዓት እንዲያስተናግድ ሊጠየቅ ይችላል። እያንዳንዱን ዜማ ከመሣሪያው ጋር ተዘጋጅቶ በመጣ ምትና ኮርድ ቢያጅብ ልዩነቶቹ በአንድ ቀለም ይሸፈናሉ።

የአሶሳ አካባቢ በርታዎች ዋዛ ደግሞ ጥያቄውን ወደ ጫፍ ያደርሰዋል። ዋዛ ከተቀጣጠለ ቅል የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን በቡድን ይነፋል። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ ዜማው የሚፈጠረው ሁሉም በየተራቸው ድምፃቸውን በትክክለኛው ቅጽበት ሲያስገቡ ነው። ይህን በኪቦርድ የሚጫወት ሰው የብዙ ሰዎችን ሥራ በአንድ እጅ ይሰበስባል። ድምፆቹን ሊያገኛቸው ይችል ይሆናል፤ በሰዎቹ መካከል የነበረው መጠባበቅ ግን ይቀራል። እዚህ ላይ የቅኝት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ዜማው የማን ነው የሚል ጥያቄም ይነሣል።

ከሦስቱ መንገዶች ለዚህ የሚስማማው የትኛው ነው? የሙላቱ ተደጋጋሚ መደብ ለዋዛ መዋቅር ይቀርባል፤ ምክንያቱም እርሱም የቆመው በመደጋገም ላይ ነው። የኃይሉ አንድ መሥመር ለብቸኛ ድምፃዊ ዜማ ይመቻል እንጂ በብዙ ሰው ለተከፋፈለ ዜማ አይመችም። የአድማስ መንገድ የሚሠራው አድማጭ ዜማውን አስቀድሞ ሲያውቀው ነው፤ ላልተቀዳና ለማይታወቅ ዜማ ግን አደገኛ ነው፤ አዲሱ ቀለም የመጀመሪያው ትዝታ ሆኖ ይቀራልና።

ከዚህ የሚከተለው የጥናት ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ዜማው ያለ ኪቦርድ፣ በነባር መሣሪያዎቹና በባለቤቶቹ አንደበት ይቀዳ። ቀጥሎ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ይለካ፤ ግማሽ ድምፅ በ100 ሴንት ስለሚከፈል የባህላዊው ድምፅ ከቁልፉ በስንት ሴንት እንደሚርቅ ማሳየት ይቻላል። ብዙ ዘመናዊ ኪቦርዶች የእያንዳንዱን ቁልፍ ድምፅ በሴንት ለማስተካከል ስለሚፈቅዱ ውጤቱ ወደ መሣሪያው ሊመለስ ይችላል። ቅንብር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ማጠቃለያ

የሦስቱ ሥራዎች ንጽጽር ኪቦርድ በራሱ ቅኝትን እንደማያጠፋም እንደማይጠብቅም ያሳያል። ወሳኙ ተጫዋቹ ከመጫወቱ በፊት ምን ለመተው እንደወሰነ ነው። ሙላቱ፣ ኃይሉና አድማሶች የተዉትን ነገር አውቀው ትተዋል፤ የዜማቸውን ምንጭ አስቀድመው በጆሯቸው ይዘውት ነበርና። በመተከልና በአሶሳ ያለ ዜማ ሳይቀዳ በኪቦርድ ከተተካ ግን የተተወው ነገር ምን እንደነበር መልሶ የሚያሳይ ማስረጃ አይኖርም።